ብልት የማይወጣለት ቁጥር

እኛ ዘንድ የቂል ቁጥር አሥራ አንድ ነው። ከዐሥርቱ ትእዛዛት በአንድ ያልፋል፣ ከዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት በአንድ ያንሳል፤ ሕግ ተላላፊ ነው፣ ቅድስናም አልደረሰበትም። ስለዚህ የኛ ነው። «ሰማያዊዎቹ ዳክዬዎች» የሚባለው የቬልደራደ የካርኒቫል፣ የቅበላ ጭፈራ፣ ማኅበር የሚመራው በአሥራ አንድ ሰዎች ሸንጎ ነው። አሥራ ሁለተኛ ሰው ይጨመር የሚል ሐሳብ አንድ ጊዜ ቀርቦ ነበር አሉ፤ ሰውዬው አስተዋይ የሆነ እንደሆነስ ተብሎ ወደቀ።

የድሮው አዳራሻችን ዛሬ የስፖርት ቤት ሆኗል። የትንፋሽ መሣሪያው ባንድ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ሰዎች ከፍለው ገብተው የትም የማይደርስ ብስክሌት ይነዳሉ፤ ያውም በሆላንድ ምድር! እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የሚሸተኝ የፈሰሰ ቢራ፣ የረጠበ ላባና ጠመኔ ነው። ጠመኔው የመምህር ፉንስ ነው።

መምህር ፉንስ የከተማችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበሩ። የቬልደራደን ግማሽ ማካፈል አስተምረዋል፤ ከቀረው ግማሽ ተስፋ ቆርጠዋል። በካርኒቫል ደግሞ በርሜል ውስጥ ይገባሉ። በርሜል ውስጥ ቆሞ ከተማውን መስደብ እኛ ጋ ሹመት ነው፤ ያልተሰደበ ከንቲባ ቅር ይለዋል፣ ሚስቱ ደግሞ ከሱ አንሳ ከተሰደበች ታኮርፋለች። ሌሎች ተሳዳቢዎችም ነበሩን። የመምህር ፉንስ ስድብ ግን መጨረሻው ላይ ቁጥር ነበረው።

የተጀመረው አዳራሹ በተመረቀበት ዓመት ነው። ሰሌዳ አስመጥተው አንድ ጭረት ብቻ፣ 1፣ ጻፉና «ይህን እንደ ዶሮ በልቱልኝ» አሉ። ሰው ሳቀ። በዓመቱ 11 ጻፉ። የቂሉ ቁጥር ራሱ ሲመጣ አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። በሦስተኛው ዓመት 111 ጻፉና «ይህ የሦስትና የሠላሳ ሰባት ብዜት ነው» ብለው ካርቶን ላይ የተጻፈ 3 አንዱ የሸንጎ አባል አንገት ላይ፣ 37 ሌላው አንገት ላይ አጠለቁ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። በየዓመቱ ሊቀ መንበሩ አንድ ጭረት እየጨመረ ይጽፋል፣ ሕዝቡ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ መምህር ያን የአንዶች ሰልፍ ከበርሜላቸው ውስጥ ሆነው ከዚያ ወዲያ እስከማይካፈሉ ቁጥሮች ድረስ ይበልቱታል፣ ብልቱም ለሸንጎው ይታደላል። የደረሰህን ካርቶን እስከ ጾሙ ዋዜማ አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ትውላለህ፤ ባንክም ብትሄድ፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድም ብትሄድ።

11 የደረሰው ሰው በሰኞው ሰልፍ ሠረገላ ላይ፣ በየዓመቱ ከሚመረጠው የካርኒቫሉ ልዑል ጎን ይቀመጣል። ክፋቱ አሥራ አንድ በየዓመቱ አይመጣም። አንዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ሲሰለፉ እያንዳንዱ ጥንድ አሥራ አንድ ነውና ይገባባቸዋል፤ አንዷ ያለ ጓደኛ ከቀረች ግን የለም። ስለዚህ «ዘንድሮ ጎዶሎ ነው» ይላል ሰው፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ። አሥራ ሰባተኛው ዓመት ላይ የደረሰብንስ! አሥራ ሰባቱ አንዶች ሁለት ብልት ብቻ ወጣቸው፤ 2071723 እና 5363222357። ሁለት ሰዎች ካርቶናቸው ከትከሻቸው እየሰፋ በበር በጎን ሲገቡ ዘጠኙ ባዶ አንገታቸውን ቀሩ። ዳቦ ጋጋሪው ለይ ከዘጠኙ አንዱ ነበረ፤ ወንድሙ ከሁለቱ አንዱ። እስከ ፋሲካ አልተነጋገሩም።

እነዚህን ብልቶች መጀመሪያ መጀመሪያ ያገኝ የነበረው የተቀጣ ተማሪ ነው። የረበሸ ልጅ ሁሉ ከትምህርት በኋላ ቀርቶ ያካፍላል። ሰባቱ አንዶች ለ239 እኩል እንደሚካፈሉ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ የጎረቤቴን ልጅ በማስመሪያ ስለመታሁ። መምህር ያንን ቀን እጄን ጨብጠው «ፊን፣ ነገም ብትማቺ አልቃወምም» አሉኝ። በኋላ ድንበር ተሻግሬ አኸን ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የገባሁት በዚህ ጠባይ ነው። እሳቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀላል ቀላሉን በእርሳስ፣ ከባድ ከባዱን ከአሮጌ የሠንጠረዥ መጻሕፍት እየለቀሙ ብቻቸውን ይሠሩት ነበር።

አሥራ ዘጠነኛው ዓመት ሲቃረብ፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ መምህር ፉንስ መርሳት ጀመሩ።

መጀመሪያ የሳቅንበት ነገር ነበር። ብስክሌታቸውን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ፣ ከሳል ሽሮፑ ጎን፣ አቁመው በእግራቸው ሄዱ። ፖስተኛውን በር ላይ ይዘው «የቤት ሥራህስ?» አሉት። ፖስተኛው የድሮ ተማሪያቸው ስለሆነ «ነገ አመጣለሁ መምህር» አለ፤ በማግሥቱም አመጣ። ከዚያ ግን ምድጃ ሳያጠፉ መውጣት መጣ፤ ያ አያስቅም። አንድ ልጃቸው ኢርማ ከትላልቆቹ ወንዞች ማዶ፣ ከሰሜን፣ መጣች። እዚያ ካርኒቫል የሚባል ነገር የለም፤ ሰው የሚሰክረው እንኳን በቀጠሮ ነው ይባላል። ኢርማ ቤቱን አየች፣ ምድጃውን አየች፣ ወሰነች። በአመድ ረቡዕ፣ ካርኒቫል ባለቀ ማግሥት፣ አባቷን ወስዳ ቤቷ አጠገብ ካለ የአረጋውያን መኖሪያ ልታስገባ። በርሜሉ ላይ ግን ጨርሶ እንዲወጡ አልፈለገችም።

ይህን ልትናገር የመጣችው ሁብ ሥጋ ቤት ነው። ጋሽ ሁብ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበር፤ እኔም ቋሊማ ልገዛ ገብቼ እዚያው ነበርኩ።

«ሁብ፣ ዘንድሮ አባዬን ተዉልኝ» አለች።

«ኢርማ፣ አንቺ እዚህ ተወልደሽ...» አለ ሁብ፣ ቢላዋውን በሽርጡ እየጠረገ። «እዚያ በርሜል ላይ የወጣ ሰው ይሳቅበታል። ይኸው ነው። ማንም ሞቶ አያውቅም።»

«እኔ የምፈራው ሳቁን አይደለም።»

«ታዲያ ምኑን?»

«ሳቁ ሲቆም። እዚያ ላይ ቆሞ የት እንዳለ ጠፍቶት፣ እናንተ ደግሞ ሳቃችሁን አቁማችሁ እንደ በሽተኛ ስታዩት። ዕድሜውን ሙሉ አስተምሮ ሰው የሚያስታውስለት ያቺን ደቂቃ ይሆናል።»

ሁብ ሲጨንቀው ሥጋ ይመዝናል፤ ያልታዘዘ ሥጋ መዘነ።

«እሺ፣ ይውጣ» አለች በመጨረሻ። «ግን ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። ኮቱን ጭኔ ላይ ይዤ። መጀመሪያ የተደናቀፈ ጊዜ ተነሥቼ አለብሰውና ይዤው እወጣለሁ፤ ባንድ ይንፋ፣ ልዑል ይምጣ፣ ግድ የለኝም።»

በሩ ተዘጋ። ሁብ ወደኔ ዞረ።

«ሰማሽ? እንግዲህ አንቺ ሊቅ ነሽ ይባላል። ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ነው። ብልቶቹን አምጪልኝ፤ በርሜሉ ሥር ትደበቂና ሲጠፋቸው ታንሾካሹኪላቸዋለሽ።»

«ጋሽ ሁብ፣ ብልት የለውም።»

«ምን ማለት ነው የለውም?»

«አይካፈልም። ለአንድና ለራሱ ካልሆነ ለማንም። ብቸኛ ቁጥር ነው። የዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ጣቴን ሳላነሣ መለሰልኝ፤ ከመቶ ዓመት በፊት ግድም ደግሞ በእጃቸው ሠርተው ያረጋገጡ ሰዎች አሉ።»

«እኔ አርባ ዓመት ሥጋ ቆርጫለሁ» አለ ሁብ፣ በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ። «ብልት የሌለው ፍጥረት አላጋጠመኝም። ቢላዋው የሚገባበትን ማወቅ ብቻ ነው።»

«ለዚህ ቢላዋ የለም።»

«እንግዲያው አኸን ያለው ቢላዋ ደንዟል። አሥራ ስምንቱ ባለፈው ዓመት እንደ ዶሮ አይደል እንዴ የተበለተው? አንድ ጭረት ተጨመረችበትና ድንጋይ ሆነ?»

«አዎ። እንደዚያ ነው።»

ሁብ ቋሊማዬን ጠቀለለ፣ መልሶ ፈታ። ከዚያ ፊቱ በራ። የሁብ ፊት ሲበራ ከተማው መጠንቀቅ አለበት።

«ታዲያ አሥራ ስምንት እጽፋለሁ!»

«ሕዝቡ እኮ ጮክ ብሎ ይቆጥራል።»

«ባንዱ ምን ሥራ አለው? እኔ ስጽፍ ይነፉልኛል። ከሦስት ብርጭቆ በኋላ አሥራ ስምንትን ከአሥራ ዘጠኝ የሚለይ ሰው ቬልደራደ ውስጥ ካለ እኔ ጥጃ ነኝ። ያለፈውን ዓመት ደግሞ መምህር እንደ አባታችን ሆይ በቃላቸው ይሉታል፤ ትናንትን እንጂ ድሮን አልረሱም። ብልቶቹን ይደረድራሉ፣ እናጨበጭባለን፣ ኢርማ ኮቷን ይዛ ትቀመጣለች፣ መምህር በክብር ይወርዳሉ። ምን ጎደለ?»

«አንድ» አልኩት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የአረጋውያን ስብሰባ በሚባለው፣ አዳራሹ ጢም አለ። ስሙ የአረጋውያን ይባል እንጂ ሁሉም ይመጣል፤ ቭላይ የምንለው ክብ ኬካችን በነፃ ነው። ሩዝ የተሞላው ያልቃል፣ የፕሪሙ ይተርፋል። ሰው ሁሉ ላባ ለብሷል። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ የታጠበ በግ ሆኖ መጥቶ ነበር፤ ቄሱ እንደ ቄስ ለብሰው መጥተው የምርጥ አለባበስ ሽልማት ሊሸለሙ ጥቂት ቀራቸው። እኔ ሰማያዊ ዳክዬ ሆኜ መድረኩ ሥር ገብቻለሁ። በርሜሉ ታች የለውም፤ መድረኩም እዚያ ቦታ ተቦርቡሯል፤ ስለዚህ ቀና ስል የመምህር ፉንስ ጫማ ሥር፣ በሳንቃው ስንጥቅ ሳይ ደግሞ የፊቱ ረድፍ ይታየኛል። ኢርማ መሐል ላይ ነበረች። ያለ ላባ። ግራጫው ኮት ጭኗ ላይ።

መምህር በስድቡ ጀመሩ፤ ጥሩ ጀመሩ።

«ከንቲባችን አዲስ አደባባይ አሠሩ። ለምን ክብ ሆነ ብዬ ጠየቅኋቸው። ‹ስዞር ሥራ ያለኝ ስለሚመስል› አሉኝ።»

ባንዱ ጧ! አደረገ። ከንቲባው በደስታ ቀሉ። መምህር ወደ ከንቲባው ሚስት አለፉ፣ ወደ እሳት አደጋ ብርጌዱ አለፉ፤ ብርጌዱ የራሱ ጋራዥ ሲቃጠል የደረሰው በሦስተኛ ነው፣ ከጎረቤትና ከውሻ ቀጥሎ። አዳራሹ እንባውን ይጠርጋል። አንድ ጊዜ ዐረፍተ ነገር መሐል ላይ ቆሙ፤ ኢርማ ኮቱን ከጭኗ ጥቂት አነሣችው። መምህር አስነጠሱና ቀጠሉ። ኮቱ ተመለሰ።

ከዚያ ሰሌዳው ተገፍቶ ወጣ። ሁብ ጠመኔውን ያዘ፣ ለባንዱ ጠቀሰ፣ ባንዱ አቅሉን እስኪስት ነፋ። ሕዝቡ ሊቆጥር ሞከረ፤ ሰባት ላይ ተደናበረ፣ አሥራ ሁለት ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ። ሁብ ጨርሶ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ፣ እንደ ሌባ።

«አላፍ!» አለ ሁብ።

«አላፍ!» አለ ሕዝቡ ሦስት ጊዜ፤ ደስ ሲለንም ሲጨንቀንም የምንለው ይህንኑ ነው።

«ሦስት» አሉ መምህር ከበርሜሉ። ካርቶኑ ለዳቦ ጋጋሪው ለይ ተሰጠ። «ሌላ ሦስት።» ለወንድሙ ተሰጠ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ማን ይበልጣል ብለው ካርቶናቸውን ሲያስተያዩ አዳራሹ ሳቀ።

ከዚያ ዝም አሉ።

ቀጣዩ ሰባት ነበር። ጠበቅሁ። ጫማቸው አልተንቀሳቀሰም። ኢርማ ኮቱን በሁለት እጇ ያዘች። እኔም በበርሜሉ ውስጥ ወደ ላይ «ሰባት፣ መምህር» ብዬ አንሾካሾክሁ።

«ፊን» አሉ፣ ማይክራፎኑ ውስጥ፣ «አፍሽን ዝጊ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «እዚህ ታች ዳክዬ ገብታለች» አሉ መምህር። «ተምራ ስለመጣች ትጮኻለች።» ባንዱ ጧ! ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ፤ እኔ የማውቀው፣ የአምስተኛ ክፍሉ ድምፅ።

«ሁብ።»

«አቤት መምህር» አለ ሁብ፣ ስድሳ ዓመቱን ረስቶ።

«የእጅና የእግር ጣትህን ቆጥረህ እንኳን ሃያ አትደርስም ነበር፤ አሁንም አትደርስም። ስንት ጻፍህ?»

«አሥራ... ዘጠኝ፣ መምህር።»

«ና፣ በጣትህ እየነካህ ቁጠር።»

ሁብ ቆጠረ። ሕዝቡ አብሮት ቆጠረ፤ በዚህ ጊዜ ባንዱ ዝም ስላለ አሥራ ስምንት ላይ አለቀበት። «ኧረ ጥጃ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ እንዴት እንዳወቀ እንጃ። መምህር ጠመኔ ጠየቁ፣ ከበርሜሉ እስከ ወገባቸው ተጎንብሰው ወጡና መጨረሻ ላይ አንዲቱን ጭረት ጨመሩ።

1111111111111111111።

«ሦስቶቹን መልሱ» አሉ ለወንድማማቾቹ።

«የተሰጠ አይመለስም!» አለ ለይ፣ ካርቶኑን ደረቱ ላይ አጣብቆ።

«ለይ፣ ያንገትህ ሦስት የአምና ናት። መልስ።»

መለሰ። አሁን ሰሌዳው ላይ የዘንድሮው ቁጥር ቆሟል፣ እውነተኛው፣ የሚበለትበት የሌለው። ሕዝቡ በእግሩ ወለሉን እየመታ «ይበለት! ይበለት!» አለ። መምህር ዝም አሉ። ሕዝቡም ቀስ በቀስ ዝም አለ። ኢርማ የፈራቻት ጸጥታ ይህችው ናት። በርሜሉ ሥር ሆኜ ወደ ላይ እያየሁ ላውቅ ያልቻልኩት አንድ ነገር ነው፤ የሚያውቅ ሰው ዝምታና የጠፋበት ሰው ዝምታ ከታች ሲታዩ አንድ ዓይነት ጫማ ነው ያላቸው። ልናገር አልችልም፤ አፍሽን ዝጊ ተብያለሁ። ኢርማ ተነሣች። ኮቱን ዘረጋች።

«እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ» አሉ መምህር ፉንስ።

በጉም፣ ቄሱም፣ ከንቲባውም እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ኢርማም፤ ሰውነቷ ከሐሳቧ ቀድሞ ቁጭ አለ መሰለኝ።

«ደብተር አውጡ።»

ደብተር የት ይገኛል? ግን እኛ አገር ቢራ ያለበት ቦታ ሁሉ ብርጭቆ ሥር የሚቀመጥ ክብ ካርቶን አለ፤ የጠጣኸው የሚጻፈው፣ ካርታ የሚቆጠረው፣ ፍቅር የሚገለጸው እሱ ላይ ነው። ካርቶን ከየብርጭቆው ሥር ተሳበ። እስክሪብቶ ከየላባው ሥር ወጣ።

«የመጀመሪያው ረድፍ ለሰባት። ሁለተኛው ለአሥራ አንድ። መስኮት አጠገብ ያላችሁ ለአሥራ ሦስት። እዚያ ባንኮኒው ጋ፣ ለአሥራ ዘጠኝ፣ እናንተ መቼም ከቤቱ አትወጡም፣ ጊዜ አላችሁ። ባንዱ ለሦስት፤ ከዚያ በላይ አልጠብቅባችሁም።»

አንድ አዳራሽ ሙሉ የሰከረ ሰው ሲያካፍል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዝናብ ሲጀምር ዓይነት ነው። ማንሾካሾክ፣ ካርቶን መፋቅ፣ «አንድ ያዝ»፣ «አትኮርጅ!»፣ «ሰባት ሲባዛ ስምንት ስንት ነበር?»፣ «ሃምሳ ስድስት ነው አንተ የበግ ራስ!» እናቴ ከነባልንጀሮቿ ምላሳቸውን አውጥተው ሲሠሩ አየኋቸው።

«ለሦስት፣ ቀሪ አንድ!» አለ ባለ ትልቁ ቀንደ መለከት።

«ለሰባት፣ ቀሪ አንድ!»

«ለአሥራ አንድ፣ ቀሪ አንድ፣ መምህር!»

«ለአሥራ ሦስት፣ ቀሪ አንድ!»

«ለአሥራ ዘጠኝም አንድ» አለ ባንኮኒው፣ ቅር እያለው።

አሥራ ስምንቱ ለነዚህ ሁሉ እንደ ቅቤ ይቆረጣል፤ የምትተርፈው መምህር በእጃቸው የጨመሯት አንዲት ጭረት ናት። ከመድረክ ሥር ሆኜ ይህን ሳየው፣ ያን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን አንድ ሰው በቢራ ካርቶን የጠቀለለልኝ መሰለኝ።

ኢርማ ካርቶን አልያዘችም ነበር። ጎኗ የተቀመጠች አሮጊት፣ ጡረተኛዋ አዋላጅ፣ አንድ ገፋችላት።

«አንቺ ደግሞ ምን ትጠብቂያለሽ? እኔ ነኝ ያዋለድኩሽ፤ ስትወለጂም ሰነፍ ነበርሽ። ለአሥራ ሰባት ሥሪ።»

ኢርማ ኮቱን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣለችው። ጎነበሰች። መጀመሪያ ለይምሰል ነበር፣ ያስታውቃል፤ ከዚያ ግን ፀጉሯን ከጆሮዋ ኋላ አደረገች፣ እስክሪብቶውን አጥብቃ ያዘች። ድንገት ከመቀመጫዋ ዘለለች።

«ዜሮ! ለአሥራ ሰባት ዜሮ መጣ! ይካፈላል!»

አዳራሹ ተነሣ። ሁብ ሁለት እጁን ወደ ጣሪያ ሰቅሎ «ብልት ወጣለት! አላልኩም? ብልት ወጣለት!» ይላል። ባንዱ መንፋት ጀመረ። መምህር እጃቸውን አነሡ፤ ባንዱ ቆመ። ከበርሜሉ ወደ እሷ ዘንበል አሉ።

«ሊና» አሉ። «ሊና፣ ዛሬም ችኩል ነሽ። ዜሮ ስታዪ የጨረስሽ ይመስልሻል። ገና አሥራ ስድስተኛው ላይ ነሽ፤ ሦስት አንድ አላወረድሽም።»

ሊና ሚስታቸው ነበረች፤ የኢርማ እናት። የዚህ አዳራሽ ኮት ተቀባይ ሆና የኖረች፣ የሁላችንንም ኮት በመልክ የምታውቅ። ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ከተቀበረች ቆይታለች። አዳራሹ ውስጥ ይህን የማያውቅ አንድ ሰው አልነበረም፤ አንድ ሰው ብቻ ዘንግቶታል። ላባ እንኳን አልተንቀሳቀሰም። እኔ በስንጥቁ የኢርማን ፊት አየሁ። ስለ ሒሳቡ ልክ ናቸው። ስለ እሷ ተሳስተዋል። ሁለቱም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ፣ ማይክራፎን ላይ፣ በሞላ አዳራሽ ፊት። ኮቱ እጇ በሚደርስበት ቦታ ነበር።

«እሺ፣ ፉንስ» አለች።

ተቀመጠች። ካርቶኗን ገለበጠች። ሦስቱን አንዶች አንድ በአንድ አወረደች።

«ቀሪ ዘጠኝ» አለች።

«ዘጠኝ» አሉ መምህር። «አየሽ።»

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ይህ አይበለትም። ብዙ ሰው ሞክሯል። ዘንድሮ ለማንም ቁራጭ የለም፤ ሸንጎው ባዶ አንገቱን ይሂድ፣ ለጾሙ ይለማመድ።»

«ታዲያ ማን ይወስደዋል?» አለ ለይ፣ ሊያለቅስ ደርሶ።

«ማንም። እንዳለ ይቁም። ደወል ተደውሏል፣ ውጡ።»

ማንም ደወል አልሰማም፤ ሁሉም ግን ተነሥቶ ቆመ። መምህር ፉንስ በራሳቸው እግር ከበርሜሉ ወረዱ፣ በራሳቸው እግር መሐላችን አለፉ፣ ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ጭብጨባው የጀመረው በሩ ላይ ሲደርሱ ነው፤ በሙሉ ዕድሜዬ እንዲያ ያለ ጭብጨባ ለእግር ኳስ እንኳን አልሰማሁም። ኢርማ ክንዳቸውን ይዛ ነበር። ሊናም ትሁን ኢርማ፣ እሷም አልጠየቀች፣ እኛም አልጠየቅን።

እርግጥ አዳራሹ ያደረገው ነገር ማረጋገጫ አይባልም። ፕሮፌሰሮቼ ቢያዩ በሳቅ ይሞቱ ነበር። ያ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን እየሞከሩ ለማወቅ አካፋዮቹን እስከ ቢሊዮን ድረስ መፈተሽ ይጠይቃል፤ እኛ ቭላዩ ሳያልቅ ሃያ ላይ አቆምን። ይህንን በማግሥቱ ለሁብ ማስረዳቴ ስሕተት ነበር። ሁብ ከዚያ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገና ያልተሞከረ ቢላዋ አለ። ሰኞ በሰልፉ ላይ ሲሄድ ያካፍል ነበር። ማክሰኞ የሥጋ መጠቅለያ ወረቀት አልቆበት ከዳቦ ጋጋሪው ተበደረ። ብቻውን አልነበረም፤ ባንኮኒው ሃያ ሦስትን ይዞ ነበር፣ ቀሪ አሥራ አምስት ብሎ በኩራት ለጠፈ።

የአመድ ረቡዕ ጠዋት ግንባራችን ላይ አመድ ተቀብተን ከቤተ ክርስቲያን ወጣን። ያን ቀን ሥጋ ስለማይበላ ሁብ ሥጋ ቤት ዝግ ነው፤ ሰው ሁሉ አደባባዩ ላይ ቆሞ ጨው የበላ ዓሣ ጭራውን ይዞ ወደ አፉ ያንጠለጥላል። መንገዱ ላይ የረጠበ ባለ ቀለም ወረቀት ተለጥፏል። የኢርማ መኪና ከላይኛው ጎዳና ዝቅ ብላ መጣች። ኋላው ወንበር ላይ ሳጥኖች፣ ከፊት መምህር ፉንስ፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው።

ሰው እጁን ሊያወዛውዝ ተዘጋጀ። ሁብ ግን ዓሣውን እንደያዘ ከመሐል ወጥቶ ሮጠ፤ በዚያ ሰውነት ሲሮጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«መምህር! መምህር!» መስታወቱን በመዳፉ መታው። «ለሃያ ዘጠኝ! ቀሪ ሃያ ስምንት! በአንድ፣ በአንዲት ብቻ አመለጠን!»

ኢርማ መኪናውን አቆመች። መስታወቱ ወረደ። መምህር ሁብን አዩት፤ ግንባሩ ላይ ያለውን አመድ፣ እጁ ላይ ያለውን ዓሣ። አወቁት ብዬ አልምልም። የሁብ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ዐይኑ መልስ እንደሚጠብቅ ልጅ ፈጥጧል።

«ቀሪውን አረጋገጥህ?» አሉት።

«ሁለት ጊዜ፣ መምህር።»

«ጎበዝ። ሠላሳ አንድን ሞክር።»

መስታወቱ ወጣ። መኪናዋ አደባባዩን ዞራ የሰሜኑን መንገድ ያዘች። ሁብ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ እስክትታጠፍ ድረስ አያት። ከኋላው አንድ ካሚዮን ጥሩምባ ነፋበት፤ አልሰማም።

«ሠላሳ አንድ ነው ያሉት?» አለኝ ሲመለስ።

«ሠላሳ አንድ።»

ዓሣውን ለኔ አቀበለኝና ኪሱን መዳበስ ጀመረ።

«እስክሪብቶ ይዘሻል?»